ከግብር ክርክር ወደ ጦር መማዘዝ፦ ማሳቹሴትስ ከ1774 እስከ 1775 እ.ኤ.አ.

በሰሜን አሜሪካ የነበሩት 13ቱ ቅኝ ግዛቶች ከብሪታንያ ጋር የተጣሉት በመጀመሪያ በግብር ነው። ብሪታንያ በ1763 ከፈረንሳይ ጋር ያደረገችውን ጦርነት በድል ብትጨርስም ዕዳው ከብዷት ስለነበር፣ ፓርላማው በ1765 በሕግ ሰነዶችና በጋዜጦች ላይ የቴምብር ቀረጥ ጣለ፤ ቅኝ ተገዢዎቹም ወኪል በሌላቸው ምክር ቤት የተወሰነ ግብር አንከፍልም ስላሉ በዓመቱ ተሻረ። ሆኖም ጠቡን ወደ ጦርነት የገፋው ከግብሩ ይልቅ በኋላ የመጣው የራስ አስተዳደር መገፈፍ ነው ቢባል ከእውነታው አይርቅም።

በዲሴምበር 1773 ከ13ቱ ቅኝ ግዛቶች አንዷ የሆነችው የማሳቹሴትስ ዋና ከተማ የቦስተን ሰዎች ቀረጥ የተጣለበትን 342 ሣጥን ሻይ ባሕር ውስጥ ሲጥሉ፣ ለንደን ወደቡን ከመዝጋቷም በላይ የማሳቹሴትስን የአማካሪዎች ሸንጎ በንጉሡ ሹመት እንዲቋቋም አደረገች፤ የከተማ ነዋሪዎች ስብሰባም ያለ አገረ ገዢው ፈቃድ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳይደረግ ከለከለች። ገበሬው ይህን አልታገሠም። ሴፕቴምበር 6 ቀን 1774 በዉስተር ከተማ ከ4,000 በላይ ሚሊሻዎች በመንገዱ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ዳኞቹንና የፍርድ ቤቱን ሹማምንት በመካከላቸው አሳለፏቸው፤ ሹማምንቱም ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ሁሉም እንዲሰማ እየደጋገሙ፣ በአዲሱ ሕግ እንደማይሠሩ አስታወቁ። አንድ ጥይት ሳይተኮስ የንጉሡ ሥልጣን ከቦስተን ውጭ ያከተመው በእንዲህ ያለ ሁኔታ ነበር።

ከዚያ በኋላ የቀረው የባሩድ ጉዳይ ነበር። አገረ ገዢውና የጦር አዛዡ ጄኔራል ቶማስ ጌጅ ኮንኮርድ በተባለች ከተማ የተከማቸውን የጦር መሣሪያ ለማጥፋት ኤፕሪል 18 ቀን 1775 ሌሊት 700 ያህል ወታደሮች ላከ። ጎህ ሲቀድ በሌክሲንግተን ሜዳ በካፒቴን ጆን ፓርከር የሚመሩ 77 ያህል ሚሊሻዎች ጠበቋቸው። መጀመሪያ የተኮሰው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ 8 ሚሊሻዎች ግን ወደቁ። ጦሩ ከኮንኮርድ ሲመለስ ከድንጋይ ካብና ከዛፍ ጀርባ እየተተኮሰበት 73 ሰው ሞተበት፤ ከቅኝ ተገዢዎቹም 49 ሞቱ። ወዲያው በሺህ የሚቆጠሩ ሚሊሻዎች ቦስተንን ከበቡ።

በፊላዴልፊያ የተሰበሰበው የቅኝ ግዛቶቹ ተወካዮች ጉባኤ፣ ኮንግረስም በጁን ጆርጅ ዋሽንግተንን የጦሩ አዛዥ አድርጎ ሾመ። ይኸው ኮንግረስ በጁላይ ለንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ የዕርቅ አቤቱታ ጻፈ፤ ንጉሡ ግን አልቀበልም ብሎ በኦገስት ቅኝ ግዛቶቹ እንዳመፁ በአዋጅ አስነገረ። ነፃነት የታወጀው የሌክሲንግተን ደም ከፈሰሰ ከ14 ወር በኋላ፣ በጁላይ 1776 ነው።