ታፔላው እንዳለ ነው፦ በሐዋሳ የክርስቲያን ድርጅቶች፣ ተልዕኳቸውና መሪዎቻቸው

ሐዋሳ ውስጥ ከፒያሳ ተነስቶ ወደ የትኛውም ሰፈር የሚሄድ ሰው የክርስቲያን ድርጅት ታፔላ ሳያነብ አይደርስም። ክሊኒክ አለ። መዋዕለ ሕፃናት አለ። ወላጅ ያጡ ልጆችን የሚያስተምር ፕሮጀክት አለ። ቅዱስ ገብርኤል መሀል ከተማው ላይ ቆሟል። መካነ ኢየሱስ፣ ቃለ ሕይወት፣ ሙሉ ወንጌል፣ ሐዋርያዊት፣ ካቶሊክ፣ አድቬንቲስት፣ ሁሉም እዚህ ምእመን አላቸው። ብዙዎቹ ከአምልኮው ጎን የልማት ክንፍም አላቸው። እዚህ የምናየው ይህን ክንፍ ነው፤ በተለይ ደግሞ ከተነሳበት ዓላማ እንዳይወጣ የሚጠብቀው ማን እንደሆነ።

ከተማዋ ራሷ ገና ወጣት ናት፤ የተቆረቆረችው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። አገልግሎቱ ግን በአካባቢው ይቀድማታል። ኤስአይኤም የተባለው ሚሲዮን በ1928 እ.ኤ.አ. ወደ ወላይታና ሲዳሞ ገባ። የኖርዌይ ሉተራን ሚሲዮን በ1948 እ.ኤ.አ. ተከተለ። የኮምቦኒ ካቶሊክ ሚሲዮናውያን የመጡት ደግሞ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ስብከቱ፣ ትምህርት ቤቱና ሕክምናው ሳይነጣጠሉ አብረው የገቡ ነገሮች ናቸው። የይርጋለም ሆስፒታልን የሚያስታውስ የዕድሜ ባለጸጋ ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም።

ጣሊያን የኤስአይኤም ሚሲዮናውያንን ሲያባርር በወላይታ የተጠመቁት ከመቶ በታች ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ የጠበቃቸው በሺዎች የሚቆጠር ምእመን ነው። ፈንድ አልነበረም፣ ቢሮ አልነበረም፣ መኪና አልነበረም። የነበሩት የአገሬው ሽማግሌዎች ናቸው። ስለ ተልዕኮና አመራር በተወራ ቁጥር እኔ ወደዚህ ታሪክ እመለሳለሁ።

ሌላው የማይታለፍ ታሪክ የ1964 ዓ.ም. ደብዳቤ ነው። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ያን ዓመት ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አንድ ሰነድ ላከች። ዋና ጸሐፊዋ በወቅቱ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነበሩ። የደብዳቤው ቅሬታ ግልጽ ነው። የምዕራቡ ዓለም ለጋሾች ለልማት ሲሆን ገንዘብ በቀላሉ ይሰጣሉ፤ ለወንጌል ሥራና ለመሪዎች ሥልጠና ሲባል ግን እጃቸው ያጥራል። ሰውን ሥጋና ነፍስ ብሎ ለሁለት መክፈል ልክ አይደለም፤ አገልግሎቱ ለሁለንተናው መሆን አለበት ይላል። ጉዳዩ በ1974 እ.ኤ.አ. ናይሮቢ ላይ ዓለም አቀፍ ምክክር ተደረገበት። ቄስ ጉዲና በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በደርግ ታፍነው ተገደሉ።

ደብዳቤውን ልብ ብሎ ያየ ሰው አንድ ነገር ይገርመዋል። ተቀባዩ ሰጪውን ነው የሚገስጸው። ዛሬ ዶነር ፊት ቁጭ ብሎ እንዲህ የሚናገር ሥራ አስኪያጅ ስንት አለ?

ከተልዕኮ መንሸራተት በድምፅ ብልጫ አይመጣም። ጠቅላላ ጉባኤ ተሰብስቦ «ከዛሬ ጀምሮ ክርስቲያን አይደለንም» ብሎ አይወስንም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ የሚሄደው ለመጥፎም ነገር ነው። እኔ በቅርብ የማውቀው አንድ ድርጅት ነበር፤ ስሙ ይቆይ። ጠዋት ጠዋት ለግማሽ ሰዓት ቃል ይነበባል፣ ይጸለያል። ከዚያ ሰኞ ብቻ ሆነ። ከዚያ የሩብ ዓመት ሪፖርት ሲደርስ የሚታለፍ ሆነ። ሪፖርት የማይደርስበት ሩብ ዓመት ደግሞ የለም። ማንም አልተቃወመም፣ ማንም አልወሰነም። ከሦስት ዓመት በኋላ አዲስ የመጡ ልጆች እንዲህ ያለ ነገር እንደነበረ እንኳ አያውቁም ነበር።

በዓለም ላይ የሚታወቁ ምሳሌዎች አሉ። ወወክማ (የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር) በ1844 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ሲመሠረት ወጣት ሠራተኞች ተሰብስበው እንዲጸልዩና መጽሐፍ ቅዱስ እንዲያጠኑ ነበር። ዛሬ ስሙ ሲነሳ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ስፖርት ነው። (ቅርጫት ኳስን የፈጠረው ሰው በ1891 እ.ኤ.አ. የወወክማ ትምህርት ቤት መምህር ነበር፤ ይህም በራሱ ትንሽ ውለታ አይደለም።) ሌላው በኢትዮጵያም ሲሲኤፍ (ክርስቲያን ችልድረንስ ፈንድ) በሚል ስም የታወቀው የሕፃናት ድርጅት ነው። በ1938 እ.ኤ.አ. አንድ የፕሬስቢቴሪያን አገልጋይ ለቻይና ሕፃናት ብለው አቋቋሙት። በ2009 እ.ኤ.አ. «ክርስቲያን» የሚለው ቃል ከስሙ ወጥቶ ቻይልድፈንድ ተባለ። እኔ በዚህ አልከስም። ሥራው ከተቀየረ ታፔላውን መቀየር ሐቀኝነት ነው። የሚያሳስበኝ ታፔላው እንዳለ ሆኖ ውስጡ የተቀየረው ነው።

ሕጉም የራሱ ግፊት አለው። አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብአዊ መብትና በግጭት አፈታት እንዳይሠራ ከለከለ። ብዙ ድርጅቶች ከዚያ በኋላ ሥራቸውን ቀየሩ፤ አንዳንዶቹም «መብት» የሚለውን ቃል ከሰነዳቸው አወጡት። አሁን ያለው አዋጅ 1113/2011 ያንን ገደብ አንስቷል። ሃይማኖታዊ ተቋማት ራሳቸው በዚህ አዋጅ አይተዳደሩም፤ እነሱ የሚያቋቁሟቸው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ግን ይተዳደራሉ። የአስተዳደር ወጪም ከጠቅላላው ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ተወስኗል።

አሞራ ገደል ሄዶ ዓሣ የገዛ ሁሉ «ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» የሚለው ይገባዋል። ስለዚህ ነገሩ ከላይ፣ ከቦርዱ ይጀምራል። ችግሩ ብዙ ቦታ ቦርዱ በክብር የሚመረጥ መሆኑ ነው። አንድ ቄስ፣ አንድ ነጋዴ፣ አንድ ዶክተር፣ አንድ የመንግሥት ሰው። ሁሉም ጥሩ ሰዎች ናቸው። በዓመት ሁለት ጊዜ ይገናኛሉ፣ ሻይ ይጠጣሉ፣ የኦዲት ሪፖርት ያጸድቃሉ። «ይህ ፕሮጀክት ለምን የእኛ ሥራ ሆነ?» ብሎ የሚጠይቅ አይገኝም። ገንዘቡ ልክ ነው ወይ ብሎ መጠየቅ የቀለለው ነው። ለዚያ ኦዲተር አለ።

ከቦርዱ ቀጥሎ ቅጥር ይመጣል፤ በእኔ እምነት ዋናው በርም ይሄ ነው። ማስታወቂያው ላይ ዲግሪ፣ የሥራ ልምድ፣ ኮምፒውተር፣ እንግሊዝኛ ይጻፋል። ቃለ መጠይቁም በዚያው ያልቃል። ስለ ተልዕኮው አንድ ጥያቄ ሳይጠየቅ የገባ ሰው ከአምስት ዓመት በኋላ ክፍል ኃላፊ ይሆናል። እሱ ደግሞ በተራው ሌሎችን ይቀጥራል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ላይ ለመበለቶች ምግብ የሚያድሉ ሰባት ሰዎች ሲመረጡ መስፈርቱ ምን ነበር? በመልካም የተመሰከረላቸው፣ መንፈስና ጥበብ የሞላባቸው። ሥራው እኮ ማዕድ ማደል ነው! ዛሬ «ሎጂስቲክስ» ብለን ለሒሳብ ባለሙያ ብቻ የምንተወው ሥራ ነው። ሒሳብ ማወቅ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። የዮሐንስ ወንጌል ከረጢቱን ይይዝ ስለነበረው ስለ ይሁዳ የሚነግረን ቢኖር ሒሳብ መቻል ብቻውን እንደማይበቃ ነው።

ገንዘብ ላይ አንድ ልማድ ቢለመድ ጥሩ ነበር፦ ፕሮፖዛል ከመጻፉ በፊት እምቢ የምንለውን መጻፍ። የለጋሽ የፕሮፖዛል ጥሪ ወጣ ተብሎ የውሃ ድርጅት የነበረው በአንድ ሳምንት የሥራ ፈጠራ ድርጅት ሲሆን አይተናል። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ሲመረቅ ሐዋሳ በወጣት ሴቶች ተሞላች። ኪራይ፣ ብቸኝነት፣ ትንሽ ደመወዝ። ይህ እውነተኛ ችግር ነው፤ ልቡ የነካው ድርጅት ቢገባበት ደግ ነው። ፈንዱ ሲያልቅ የሚወጣ ግን ልቡ የነካው አልነበረም።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ሳይደባለቅ ይቅር። ለተልዕኮ ታማኝ መሆን ማለት ለራስ ወገን ብቻ መስጠት አይደለም። በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣው የቀይ መስቀልና የመንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች የሥነ ምግባር ደንብ እርዳታ የአንድን ሃይማኖት አቋም ለማራመድ መዋል የለበትም ይላል። ብዙ የክርስቲያን ድርጅቶችም ፈርመውበታል። ሐዋሳ ውስጥ ሙስሊሟ እናት ልጇን ይዛ የክርስቲያን ክሊኒክ ስትገባ ካርድ የሚያወጣላት ሰው ሃይማኖቷን መጠየቅ የለበትም። የደጉ ሳምራዊ ታሪክም የቆሰለውን ሰው ሃይማኖት አይነግረንም።

የመጨረሻው ከባዱ መተካካት ነው። መሥራቹ ተልዕኮውን በጭንቅላቱ ይዞታል፤ ስለዚህ አይጽፈውም። ምክትል አያሳድግም፣ ወይም ያሳደገውን ያኮርፋል። ሃያ ዓመት ይመራል። ሲታመም ቦርዱ ይደናገጣል፣ ማስታወቂያ ይወጣል፣ ሲቪው ያማረ ሰው ይመጣል። አዲሱ ሰው ጥፋት የለበትም። የመሥራቹን ቢሮ ከፍቶ ሲገባ የሚያገኘው የፕሮጀክት ሰነዶች፣ ማኅተሙን፣ የመኪና ቁልፍና ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ራዕይና ተልዕኮ ነው። ለምን እንደተጀመረ የሚነግረው ሰው ግን ቤቱ ተኝቷል፤ ሄዶ የጠየቀውም የለም።