ሴራሊዮን፦ ድህነት፣ የእናቶች ጤናና የውጭ እርዳታ

ሴራሊዮን በምዕራብ አፍሪካ፣ በጊኒና በላይቤሪያ መካከል፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳርቻ የምትገኝ ትንሽ አገር ናት። ከምድሯ አልማዝና የብረት ማዕድን ይወጣል፤ ሕዝቧ ግን ከዓለም ድሆች ተርታ ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2002 በዘለቀው የእርስ በርስ ጦርነት የአልማዙ ምድር ኮኖ ክፉኛ ተጎዳ፤ ጤና ጣቢያዎች ወደሙ፣ ከነበሩት ጥቂት ሐኪሞችም ብዙዎቹ ተሰደዱ።

በዋና ከተማዋ በፍሪታውን፣ ክሩ ቤይ በተባለው ሰፈር፣ ከኮረብታው የሚወርደው ውኃ የከተማዋን ቆሻሻ እየገፋ በቆርቆሮ ቤቶች መሐል አልፎ ባሕር ይገባል። ዝናብ ሲበረታ ሞልቶ ቤት ውስጥ ይዘልቃል። በ2012 አገሪቱን የመታው ኮሌራ ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎችን ገድሏል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የወላዶች ሞት ነው። በ2013 በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት፣ በሕይወት ከሚወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር 1,165 እናቶች ይሞቱ ነበር። ደም መፍሰስና የተራዘመ ምጥ በወቅቱ ሐኪም ካገኙ የሚድኑ ናቸው። ሐኪሙ ሩቅ ነበር፤ ቢገኝም ገንዘብ ይጠይቃል። መንግሥት ሚያዝያ 2010 ለነፍሰ ጡሮች፣ ለሚያጠቡ እናቶችና ከአምስት ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት ሕክምናን ነጻ አደረገ፤ ለዚህም የባለሙያዎችን ደመወዝ ከፍ አደረገ፣ ከወጪውም የተወሰነውን ብሪታንያ ሸፈነች። በ2019 ቁጥሩ ወደ 717 ወርዷል። አሁንም እጅግ ከፍተኛ ነው፤ ሆኖም በስንት እናቶች ሕይወት የሚመነዘር ለውጥ መሆኑን ማሰብ ይገባል።

በዚህ መሐል በ2014 ኢቦላ ገባ። 14,000 ያህል ሰው ታመመ፣ 4,000 የሚጠጋው ሞተ፤ ከሟቾቹ ከ200 በላይ የጤና ባለሙያዎች ነበሩ። በኬኔማ ሆስፒታል የላሳ ትኩሳት የተባለውን የቫይረስ በሽታ ለዓመታት ሲያክሙ የኖሩት ዶክተር ሼክ ሁማር ካን በሐምሌ ወር በበሽታው ተይዘው አረፉ። ኢትዮጵያም በዓመቱ መጨረሻ በበጎ ፈቃድ የተመዘገቡ የጤና ባለሙያዎቿን በአፍሪካ ኅብረት በኩል ወደ አካባቢው ልካለች።

እርዳታ ሁሉ እኩል አይደለም። ግሎባል መርሲ የተባለችው የሆስፒታል መርከብ በ2023 ፍሪታውን ወደብ ደርሳ ቀዶ ጥገና ሰጥታለች፤ ለታመመው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ መርከብ ግን ትሄዳለች። ካፓኬር የተባለው በኖርዌይ ሐኪሞች የተመሠረተ ድርጅት ደግሞ ከ2011 ጀምሮ የአገሪቱን ጤና መኮንኖች በቀዶ ጥገና እያሠለጠነ ነው። ሠልጣኞቹ ሐኪም በማይደርስባቸው የወረዳ ሆስፒታሎች ምጥ የጸናባትን ሴት በቀዶ ጥገና ያዋልዳሉ። ፓርትነርስ ኢን ሄልዝ የተባለው የጤና እርዳታ ድርጅትም በኮኖ ከመንግሥት ሆስፒታል ጎን ቆሞ ይሠራል፤ የእኔ ሚዛን ወደ እነዚህ ያደላል። ነጻ ሕክምናው ራሱ ገና ጎዶሎ ነው፦ መድኃኒት ሲያልቅ ነፍሰ ጡሯ ጓንትና መርፌ ከፋርማሲ ገዝታ እንድትመጣ ትታዘዛለች።