የቴሌቪዥን ገንዘብና «ኮከባችንን አንሸጥም» የማለት አቅም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 2015 የቴሌቪዥን ኩባንያዎቹ ስካይ እና ቢቲ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታዎችን በብሪታንያ ውስጥ ለሦስት የውድድር ዘመናት በቀጥታ ለማስተላለፍ 5.136 ቢሊዮን ፓውንድ ለመክፈል ተስማሙ። ከዚያ በፊት የነበረው የሦስት ዓመት ውል 3.018 ቢሊዮን ፓውንድ ስለነበር ጭማሪው ከሁለት ሦስተኛ በላይ ነው። ያን ጊዜ ብዙዎች የተነበዩትና እስከ ዛሬም የሚደጋገመው ነገር የመካከለኛ ክለቦች ካዝና ከሞላ ኮከቦቻቸውን የሚሸጡበት ምክንያት አይኖርም የሚል ነበር። ትንበያው ግማሽ እውነት ስላለው ስህተቱ በቀላሉ አይታይም። የቴሌቪዥን ገንዘብ ሻጩን ክለብ «ካልሸጥኩ ደመወዝ መክፈል አልችልም» ከሚል ጭንቀት ያወጣዋል፤ ተጫዋቹን የማቆየት ሥልጣን ግን በዚያው ልክ አይጨምርለትም። ስለ ዝውውር ገበያ የሚነገሩት አብዛኞቹ የተሳሳቱ ድምዳሜዎች የሚመነጩት እነዚህን ሁለት ነገሮች አንድ አድርጎ ከማየት ነው።

«ገንዘብ ያለው ክለብ ኮከቡን አይሸጥም»

ሳውዝሃምፕተን ለዚህ ጥሩ መልስ ይሰጣል። ክለቡ በ2014 ክረምት ብቻ አዳም ላላናን፣ ሪኪ ላምበርትን፣ ዴያን ሎቭረንን፣ ሉክ ሾውን እና ካለም ቻምበርስን ሸጧል። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ አዲሱ የቴሌቪዥን ውል ሥራ ላይ ከዋለ አንድ የውድድር ዘመን ሲያልፍ፣ ሊቨርፑል ተከላካዩን ቨርጂል ቫን ዳይክን ፈልጎ መጣ። በዚህ ጊዜ ሳውዝሃምፕተን ለድርድር እንኳ አልተቀመጠም፤ ሊቨርፑል ያለ ፈቃድ ተጫዋቹን አነጋግሯል በማለት ለሊጉ አቤት አለ፤ ሊቨርፑልም በጁን 2017 በይፋ ይቅርታ ጠይቆ ፍላጎቱን ማቆሙን አስታወቀ። ቫን ዳይክ በኦገስት ልቀቁኝ የሚል የጽሑፍ ጥያቄ ሲያስገባም ክለቡ አሻፈረኝ አለ። ተጫዋቹ ስድስት ዓመት የሚዘልቅ ውል የፈረመው ገና ባለፈው ዓመት ስለነበር ክለቡን የሚያቻኩል ነገር አልነበረም።

ይሁንና ዓመቱ ሳያልቅ፣ በዲሴምበር መጨረሻ፣ ሁለቱ ክለቦች በ75 ሚሊዮን ፓውንድ ተስማሙ። ሳውዝሃምፕተን ተጫዋቹን በ2015 ከሴልቲክ ሲገዛው የከፈለው 13 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ነበር። በ2014 ክለቡ አምስት ተጫዋቾችን በአንድ ክረምት ለቀቀ፤ በ2017 አንዱን ተጫዋች ለግማሽ ዓመት ያዘውና ለተከላካይ ተከፍሎ የማያውቅ ዋጋ ተቀበለበት። በሁለቱም ጊዜ ሽያጩ ተፈጽሟል። የተለወጠው የሽያጩ ቀንና ዋጋው ነው። በእኔ እምነት የቴሌቪዥን ገንዘብ በሻጭ ክለብ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ከዚህ የበለጠ አጥርቶ የሚያሳይ ዝውውር የለም።

«ገንዘቡን የሚበሉት ትልልቆቹ ናቸው፤ ትንንሾቹን የመሸጥ ግዴታ አያቃልልላቸውም»

ይህ አባባል ለስፔን የቀድሞ አሠራር ይስማማል። እስከ 2015ቱ አዋጅ ድረስ የስፔን ክለቦች የስርጭት መብታቸውን በየግላቸው ይሸጡ ስለነበር ሪያል ማድሪድና ባርሴሎና እያንዳንዳቸው በዓመት 140 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ሲያገኙ የትንንሾቹ ድርሻ 20 ሚሊዮን እንኳ አይሞላም ነበር። እንግሊዝ ውስጥ ግን ከአገር ውስጥ የስርጭት ገቢ ግማሹ ለሁሉም እኩል ይከፋፈላል፤ ሩቡ በደረጃ፣ ሩቡ ደግሞ ጨዋታዎቹ በቴሌቪዥን በተላለፉበት ቁጥር ይሰላል። በ2018/19 የመጨረሻውን ደረጃ ይዞ የወረደው ሃደርስፊልድ 96.6 ሚሊዮን ፓውንድ ሲያገኝ ከፍተኛውን ክፍያ የወሰደው ሊቨርፑል ያገኘው 152.4 ሚሊዮን ነው። የታችኛው ክለብ ድርሻ ከላይኛው ግማሽ በላይ በሆነበት ሊግ ውስጥ ሻጩና ገዢው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚቀመጡት ተቀራራቢ አቅም ይዘው ነው። ስለዚህ አንድን ክለብ እንዲሸጥ ወይም እንዳይሸጥ ስለሚያደርገው ነገር ሲታሰብ ሊጉ ጠቅላላ ያገኘው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የተከፋፈለበት መንገድም መታየት አለበት።

«ጥያቄ ውድቅ ያደረገ ክለብ ለክብሩ እንጂ ለሂሳቡ አላሰበም»

ደጋፊዎች ክለባቸው ብዙ ገንዘብ ሲቀርብለት እምቢ ማለቱን እንደ ወኔ ያዩታል፤ ተችዎች ደግሞ እንደ እልህ ይቆጥሩታል። ሁለቱም ከእምቢታው ጀርባ ያለውን ስሌት ይዘነጉታል። የቴሌቪዥኑ ገንዘብ ሲያድግ በሊጉ ውስጥ የመቆየት ዋጋም አብሮ ያድጋል። ከፕሪሚየር ሊግ የወረደ ክለብ «የፓራሹት ክፍያ» የሚባል የወራጆች መደጎሚያ ቢኖረውም በመጀመሪያው ዓመት የሚያገኘው ለሊጉ ክለቦች እኩል ከሚከፋፈለው ድርሻ 55 በመቶውን፣ በሁለተኛው ዓመት 45 በመቶውን ብቻ ነው። ዋና ግብ አግቢውን በዝውውር መስኮቱ (ተጫዋች መግዛትና መሸጥ በሚፈቀድበት ጊዜ) መዝጊያ ቀን በ25 ሚሊዮን ፓውንድ ሸጦ ምትክ ሳያገኝ የቀረና በዚያው ምክንያት የወረደ ክለብ የተቀበለውን ገንዘብ በአንድ ዓመት ውስጥ አጥፍቶ ሊጨርስ ይችላል። ገንዘቡ በባንክ ሲገባ ገበያው ተዘግቷል፤ ግብ ደግሞ በገንዘብ አይቆጠርም። ለዚህ ነው አንድ ክለብ በሜይ በደስታ የሚቀበለውን ዋጋ በኦገስት መጨረሻ የማይሰማው።

ስሌቱ ግን ሁልጊዜ አይሰምርም። በ2015 ክረምት ዌስት ብሮሚች ቶተንሃም ለሳይዶ ቤራሂኖ ያቀረባቸውን ተደጋጋሚ ጥያቄዎች ውድቅ አደረገ፤ የመጨረሻው ከ20 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ እንደነበር ተዘግቧል። ወጣቱ አጥቂ ባለፈው የውድድር ዘመን በሊጉ 14 ግቦችን አስቆጥሮ ነበር። መስኮቱ በተዘጋበት ምሽት ለክለቡ ሊቀመንበር ዳግመኛ እንደማይጫወት በማኅበራዊ ሚዲያ ጻፈ። ኋላ ይቅርታ ጠይቆ ወደ ሜዳ ቢመለስም የቀድሞው ቤራሂኖ አልተመለሰም፤ በጃንዋሪ 2017 ወደ ስቶክ ሲሄድ የተከፈለው 12 ሚሊዮን ፓውንድ ነው። ዌስት ብሮሚች ያን ዓመት አልወረደምና ክለቡ ካሰበው ግማሹ ተሳክቶለታል ማለት ይቻላል። በተጫዋቹ ላይ የደረሰውን ስናይ ግን ይህን እንደ ድል መቁጠር ይከብደኛል። በዚያው ክረምት ኤቨርተን ለጆን ስቶንስ ከቼልሲ የቀረቡለትን ጥያቄዎች እምቢ ብሎ በዓመቱ ለማንችስተር ሲቲ በ47.5 ሚሊዮን ሸጠው። ብራይተንም በጃንዋሪ 2023 ሞይሰስ ካይሴዶ በግልጽ ደብዳቤ ልቀቁኝ ብሎ እየጠየቀ እንኳ ለአርሰናል አልሸጥም አለ፤ በማርች አዲስ ውል አስፈረመው፤ በኦገስት ደግሞ ተጨማሪ ክፍያዎችን ሳይቆጥር በ100 ሚሊዮን ፓውንድ ለቼልሲ ለቀቀው።

«ክለቡ ከጨከነ ማንም አያስገድደውም»

ክለቡን የሚያስገድደው የውሉ ዕድሜ ነው። ከ1995ቱ የቦስማን ፍርድ ወዲህ ውሉን የጨረሰ ተጫዋች ያለ ክፍያ የመሄድ መብት አለው፤ ስለዚህም የትኛውም የቴሌቪዥን ውል በተጫዋቹ ውል ላይ አንዲት ቀን አይጨምርም። ቶተንሃም በ2021 ማንችስተር ሲቲ ሃሪ ኬንን ሲፈልገው በቀላሉ ከለከለ፤ የሦስት ዓመት ውል ይቀረው ነበርና። በ2023 ግን የቀረው አንድ ዓመት ብቻ ሲሆን ያው ክለብ፣ ያው ሊቀመንበር፣ በገቢም የማይታማው ቶተንሃም ተጫዋቹን በ100 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ለባየርን ሙኒክ ሸጠ። በተቃራኒው ደግሞ በ2016 አርሰናል በጄሚ ቫርዲ ውል ውስጥ የነበረውን የውል ማፍረሻ ዋጋ (ከተከፈለ ክለቡ ተጫዋቹን መከልከል የማይችልበትን ገንዘብ) ሲያቀርብ የሻምፒዮኑ ሌስተር ፈቃድ አላስፈለገም፤ ቫርዲን ያስቀረው የራሱ የመቆየት ውሳኔ ነው።

«የቴሌቪዥን ገንዘብ እያለ የሂሳብ ጫና አይኖርም»

ከሁሉም በላይ መታረም ያለበት ይህ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ያለፉት ጥቂት ዓመታት ሽያጮች ያለዚህ እርማት ትርጉም አይሰጡም። የስርጭት ገቢ ካዝና ውስጥ አይተኛም። ተፎካካሪ ክለቦች ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚያገኙት ገንዘቡ ወደ ተጫዋቾች ደመወዝና ወደ ዝውውር ክፍያ ይፈስሳል፤ በመጨረሻም ክለቡ ከበፊቱ የበለጠ ገቢ እያለው ከበፊቱ የበለጠ ይከስራል። እስከ 2025/26 የውድድር ዘመን ድረስ የሠራው የፕሪሚየር ሊግ የትርፋማነትና የዘላቂነት ደንብ ደግሞ በሦስት ዓመት ውስጥ ከ105 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ መክሰርን አይፈቅድም ነበር።

የኖቲንግሃም ፎረስትን ጉዳይ በቅርበት እንየው። ክለቡ በ2022 ወደ ፕሪሚየር ሊግ ካደገ በኋላ በአንድ ክረምት ከ20 በላይ ተጫዋቾችን አስፈረመ። ከሦስቱ የሂሳብ ዓመታት ሁለቱን ያሳለፈው በታችኛው ሊግ ስለነበር የተፈቀደለት ኪሳራ ለአንዱ ዓመት 35፣ ለሁለቱ ደግሞ 13 እና 13፣ በድምሩ 61 ሚሊዮን ፓውንድ ብቻ ነው። የሂሳብ ዓመቱ የሚዘጋው በጁን 30 ቀን 2023 ሲሆን ክለቡ በእጁ ያለው ትልቁ ሀብት ከልጅነቱ ጀምሮ በራሱ አካዳሚ ያሳደገው ብሬናን ጆንሰን ነበር። ከውጭ የተገዛ ተጫዋች ዋጋ በውሉ ዓመታት ተከፋፍሎ ስለሚመዘገብ በ60 ሚሊዮን ለአምስት ዓመት የተገዛ ተጫዋች ከሁለት ዓመት በኋላ በመዝገብ ላይ 36 ሚሊዮን ይቀርበታል፤ በ50 ሚሊዮን ቢሸጥ ትርፉ 14 ሚሊዮን ነው። ጆንሰን ግን በመዝገብ ላይ የተገዛበት ዋጋ ስለሌለው የሚሸጥበት ገንዘብ በሙሉ ትርፍ ይሆናል።

ፎረስት ከጁን 30 በፊት በሚቀርብለት ዋጋ ከመሸጥ ይልቅ ታግሶ በሴፕቴምበር 1 ለቶተንሃም በ47.5 ሚሊዮን ፓውንድ ሸጠው። በገበያ ሕግ ይህ የሚያስመሰግን ድርድር ነው፤ የቴሌቪዥን ገንዘብ ሻጩን ያስታግሠዋል የሚለው አስተሳሰብም የሚጠብቀው ይህንኑ ነበር። ነገር ግን ሽያጩ በአዲሱ የሂሳብ ዓመት ውስጥ ወደቀ፤ የአሮጌው ዓመት ኪሳራም ከተፈቀደው በ34.5 ሚሊዮን አለፈ። ክለቡ የዘገየሁት የተሻለ ዋጋ ለማግኘት ነው ብሎ ያቀረበው መከራከሪያ ከቅጣት አላዳነውም፤ በማርች 2024 አራት ነጥብ ተቀነሰበት። ለሁለት ወር ያህል መታገሥ ያስገኘው ገንዘብና በወራጅ ቀጠና አፋፍ ላይ ያስከፈለው ነጥብ አብረው ሲታዩ ሌሎች ክለቦች በየዓመቱ በጁን የመጨረሻ ቀናት ያሳደጓቸውን ወጣቶች ለምን ይለቅቁ እንደነበር ግልጽ ይሆናል። ደጋፊው ከሁሉ በላይ የሚወደው የገዛ ልጁ ነው፤ ደንቡ ለሽያጭ በመጀመሪያ ያጨው የነበረው ግን እርሱን መሆኑ ሊያሳስበን ይገባል።

«አነስተኛ የቴሌቪዥን ገቢ ያለው በርካሽ ይሸጣል»

ቤንፊካ ይህን አያረጋግጥም። ኤንዞ ፈርናንዴዝን በ2022 ክረምት ከሪቨር ፕሌት አስመጥቶ ከወራት በኋላ፣ በጃንዋሪ 2023፣ ቼልሲ ሲፈልገው የውል ማፍረሻውን ሙሉ ዋጋ እንጂ ሌላ አልቀበልም አለ፤ ያገኘውም 121 ሚሊዮን ዩሮ ነው። የፖርቹጋል የስርጭት ገበያ ከእንግሊዝ ጋር የሚወዳደር ስላልሆነ ቤንፊካ መሸጥን እንደ ቋሚ ሥራ ይዞታል፤ ሥራው ስለሆነም ይዘጋጅበታል። የሚረክሰው ሻጭ ገቢው ያነሰው ሳይሆን የጠበቀው ገቢ በድንገት የቀረበት ነው።

«የተፈረመ የስርጭት ውል የተረጋገጠ ገቢ ነው»

የፈረንሳይ ሊግ ከ2020 ጀምሮ ለአራት ዓመታት በዓመት ከ800 ሚሊዮን ዩሮ በላይ እንዲያገኝ ሜዲያፕሮ ከተባለ የስርጭት ኩባንያ ጋር ተፈራርሞ ነበር፤ ክለቦችም በጀታቸውን በዚያ ላይ ሠሩ። ኩባንያው በኦክቶበር 2020 መክፈል ሲያቆም ውሉ በዲሴምበር ፈረሰ፤ ከ2021 ጀምሮ አብዛኞቹን ጨዋታዎች የወሰደው አማዞን የሚከፍለው በዓመት 250 ሚሊዮን ዩሮ ሆነ። ከወረርሽኙ ጋር ተደምሮ ጉዳቱ ለብዙዎቹ ክለቦች የሚቋቋሙት አልነበረም። በሜይ 2021 ሊል ፓሪ ሴንት ዠርማንን ቀድሞ የፈረንሳይ ሻምፒዮን ሆነ። ይሁንና ግብ ጠባቂው ማይክ ሜንያን በዚያው ወር ወደ ሚላን ሄደ፤ አማካዩ ቡባካሪ ሱማሬም በጁላይ ተሸጠ፤ የገዛው ሌስተር በእንግሊዝ አምስተኛ ሆኖ የጨረሰ ክለብ ነበር።