የድሮ ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን ሲታደስ፦ የፓወር ትራንስፎርመር ቅያሪ

የአሜሪካው አርሲኤ ኩባንያ በ1946 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረበው 630-ቲኤስ ቴሌቪዥን ስክሪኑ 10 ኢንች ብቻ ነው። ውስጡ ግን 30 ቱቦ (ከትራንዚስተር በፊት ያገለግል የነበረ፣ አየር የወጣለት የመስታወት ዕቃ) ይዟል። ይህን ሁሉ የሚመግበው ቻሲው (የብረት መደቡ) ላይ የተቀመጠው ከባዱ ፓወር ትራንስፎርመር ነው። ለቱቦዎቹ ማሞቂያ 6.3 ቮልት፣ ለሬክቲፋየሮቹ (ተለዋዋጩን ኤሌክትሪክ ቀጥተኛ ለሚያደርጉት ቱቦዎች) 5 ቮልት፣ ለቀሪው ሥራ ደግሞ በመቶ የሚቆጠር ቮልት ያወጣል።

ትራንስፎርመር በእርጅና ብቻ አይቃጠልም። ብዙውን ጊዜ የሚገድለው ሾርት ያደረገ ኮንደንሰር (ኤሌክትሪክ የሚያከማች ዕቃ) ወይም ሬክቲፋየር ነው። ጥፋተኛውን ሳያገኙ አዲስ መግጠም አዲሱንም ማቃጠል ነው። ደግሞም ሁሉም የተጠረጠረ ትራንስፎርመር አልሞተም። የውጤት ሽቦዎቹን በሙሉ ፈትቶ፣ ከመግቢያው ጋር ተራ ባለ ክር አምፖል (ኤልኢዲ ያልሆነ) በተከታታይ አገናኝቶ መብራት መስጠት ነው። አምፖሉ ቦግ ብሎ ከበራ ጥቅሉ ውስጥ ሾርት አለ። ጭል ጭል ካለ ወይም ጨርሶ ካልበራ ተስፋ አለው።

ምትክ ከሌላ የተበላሸ ቴሌቪዥን ሊነቀል ይችላል። የድሮውን እንደገና ማስጠቅለልም ይቻላል፤ መልኩ ስለማይለወጥ እኔ የምመርጠው ይህን ነው። አዲስ ለሚገዛ ዋናው ነገር የአምፔር ስሌት ነው። አንድ 6ኤስኤን7 ቱቦ ለማሞቂያው 0.6 አምፔር፣ 6ቢጂ6 ደግሞ 0.9 አምፔር ይወስዳል። አንድ 5ዩ4 ሬክቲፋየር ብቻውን 3 አምፔር ይፈልጋል። የ6.3 ቮልቱና የ5 ቮልቱ ለየብቻ ይደመርና ትርፍ ይታከልበታል። ሬክቲፋየሩን በሲሊከን ዳዮድ ተክተው ሙቀት የሚቀንሱም አሉ። ችግሩ ቮልቴጁ ከፍ ይላል፤ ቱቦዎቹ ሳይሞቁም ወዲያው ይደርሳል። ያረጁ ኮንደንሰሮች ይህን አይችሉም።

በአሜሪካ ልማድ ጥቁር መግቢያ፣ ቀይ ከፍተኛ ቮልት፣ ቢጫ የሬክቲፋየር፣ አረንጓዴ የማሞቂያ ሽቦ ነው። ቀለሙ በሙቀት ስለሚጠፋ በሜትር ሳይለኩ ማመን አያስፈልግም።

ብዙ ሰው የሚረሳው አቀማመጡን ነው። የትራንስፎርመሩ መግነጢስ ወደ ምስል ቱቦው ከፈሰሰ የምስሉ ጠርዝ ይጎብጣል። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ 60 ኸርዝ ነው፤ ከቀለም ቴሌቪዥን መምጣት ወዲህ ምስሉ የሚታደሰው ግን በሰከንድ 59.94 ጊዜ ነው። በዚህች ትንሽ ልዩነት የተነሳ ጉብጠቱ በ17 ሰከንድ ገደማ ስክሪኑን ዳር እስከ ዳር ያቋርጣል። ይህ ከታየ ኤሌክትሪኩን ነቅሎ፣ ኮንደንሰሮቹ ውስጥ የቀረውን ኤሌክትሪክ አስወግዶ፣ ትራንስፎርመሩን 90 ዲግሪ አዙሮ መሞከር ነው። ስለዚህ ምስሉ ሳይታይ አዲስ የቡሎን ቀዳዳ መብሳት አይመከርም።