በሰው ሠራሽ ረግረግ «የቆይታ ጊዜ» ምን ማለት ነው?

የከተማ ጎርፍ በሚያጣራ ረግረግ ዲዛይን ላይ «የቆይታ ጊዜ 2 ቀን» ሲባል፣ ብዙዎች እያንዳንዱ ጠብታ 2 ቀን የሚቆይ ይመስላቸዋል። አይደለም፤ ረግረጉ የሚይዘው ውሃ ለዕለታዊ ፍሰቱ ሲካፈል የሚገኝ አማካይ ነው። 1,000 ካሬ ሜትር ስፋት በ30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት 300 ሜትር ኩብ ይይዛል፤ በቀን 150 ሜትር ኩብ ከገባ፣ 2 ቀን። ያው ገንዳ በጠጠር ከተሞላ ግን ውሃ የሚይዘው በጠጠሮቹ መካከል ያለው ክፍተት ብቻ ነው። ክፍተቱ 40 በመቶ ቢሆን ቆይታው ወደ 19 ሰዓት ይወርዳል።

ዋናው ችግር አቋራጭ ፍሰት ነው። መግቢያና መውጫው ከተቀራረቡ፣ ወይም ደለል ተከምሮ ውሃው ለራሱ ቦይ ከቀደደ፣ ቆሻሻው ሳይዘቅጥ ያልፋል። ርዝመቱ ቢያንስ የወርዱ 3 እጥፍ ይሁን፤ መግቢያው ላይ በየጊዜው የሚጠረግ የደለል ማጠራቀሚያ ይኑር። ፊላና ቄጠማ ከፍሰቱ አግድም ይተከሉ፤ ፍሰቱን ተከትሎ የተተከለ ረድፍ ራሱ አቋራጭ ይከፍታል።