የአምባዛ መኖ፦ «ፕሮቲን ቆጣቢ ቅባት» ምንድን ነው?

አምባዛ ዓሣ ሥጋውን የሚገነባው ከፕሮቲን ነው። ለመዋኘት፣ ለመተንፈስና የበላውን ለመፍጨት ደግሞ ጉልበት ያስፈልገዋል። ይህን ጉልበት ከመኖው ቅባትና ስታርች ካላገኘ ያንኑ ውድ ፕሮቲን ያቃጥለዋል፤ በፕሮቲኑ ውስጥ የነበረው ናይትሮጅንም አሞኒያ ሆኖ ወደ ኩሬው ይወጣል። ገንዘብ የወጣበት መኖ ውሃ መበከያ ሆነ ማለት ነው። የጉልበቱን ድርሻ ተሸክሞ ፕሮቲኑን ለሥጋ የሚያተርፈው ቅባት ነው እንግዲህ «ፕሮቲን ቆጣቢ» የሚባለው።

አንድ ግራም ቅባት 9 ኪሎካሎሪ ያህል ሲሰጥ አንድ ግራም ፕሮቲን የሚሰጠው 4 ገደማ ነው። በአንድ ኪሎ መኖ ላይ 50 ግራም ዘይት ቢጨመር 450 ኪሎካሎሪ ይገኛል። ያንን ያህል ከፕሮቲን ለማውጣት ከ110 ግራም በላይ ይቃጠላል።

ለጫጩቶች ከ40 ከመቶ በላይ፣ በማደግ ላይ ላሉት ከ35 እስከ 40 ከመቶ ፕሮቲን፣ ቅባቱ ደግሞ ከ8 እስከ 12 ከመቶ ቢሆን ጥሩ መነሻ ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ዘይቱን ሲጨምሩ ነው። 44 ከመቶ ፕሮቲን ያለው የአኩሪ አተር ፋጉሎ (ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው) እና 16 ከመቶ ያለው የስንዴ ፍሩሽካ አለን እንበል፤ የምንፈልገው 35 ከመቶ ነው። 68 ኪሎ ፋጉሎና 32 ኪሎ ፍሩሽካ ይበቃል። ነገር ግን ከዚህ ድብልቅ 96 ኪሎ ወስደን 4 ኪሎ ዘይት ብንጨምርበት ፕሮቲኑ ወደ 33.6 ይወርዳል፤ ዘይት ፕሮቲን የለውምና። ስለዚህ 70.1 ኪሎ ፋጉሎ፣ 25.9 ኪሎ ፍሩሽካና 4 ኪሎ ዘይት ነው ትክክሉ። ፋጉሎው በራሱ 6 ከመቶ ያህል ዘይት ከቀረበት ጠቅላላ ቅባቱ 9 ከመቶ አካባቢ ይሆናል።

የፕሮቲኑ ዓይነትም ይታሰብበት። ፕሮቲን ከሚገነቡት አሚኖ አሲዶች መካከል አኩሪ አተር ሜቲዮኒን፣ የኑግ ፋጉሎ ደግሞ ላይሲን ያንሰዋል፤ የተወሰነውን በዓሣ ዱቄት መተካት ሁለቱንም ይሞላል። ጥሬ አኩሪ አተር ሳይቆላ ወይም ሳይቀቀል አይሰጥ፤ ፕሮቲን መፈጨትን የሚያግድ ነገር አለበት።

ዘይት ርካሽ ጉልበት ነው ተብሎ ሲበዛም ጉዳት አለው። ዓሣው ጉልበቱ ሲሞላለት መብላት ያቆማል፤ የሚበቃውን ፕሮቲን ሳያገኝ ይቀራል። ብዙ ዘይት ከመኖው ሊጥ ጋር ከተለወሰ የመኖው እንክብል አይጠብቅም፣ ውሃ ላይም ቶሎ ይፈርሳል፤ እንክብሉ ከደረቀ በኋላ ላዩ ላይ መርጨት ይሻላል። ሽታው የተለወጠ ዘይት ጨርሶ አይገባም፤ ቫይታሚን ኢን ያጠፋል፣ ጉበትንም ይጎዳል።

ምጣኔው መሳቱን ለማወቅ ጥቂት ዓሣ መሰንጠቅ ይበቃል። አንጀቱ ዙሪያ ወፍራም ነጭ ሞራ ካለና ጉበቱ ገርጥቶ ቢጫ ከመሰለ ቅባቱ በዝቷል፤ ዘይቱ በሁለት ከመቶ ይቀነስና ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንደገና ይታይ።