«ፒክ አፕ» ስንት ፍቺ አለው? የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በደብረ ብርሃን እንግሊዝኛ ሳስተምር ተማሪዎቼን በየዓመቱ ግራ የሚያጋባቸው፣ አንድ ግስ «አፕ»፣ «ኦፍ» ወይም «አውት» ከመሳሰሉ አጫጭር ቃላት ጋር ተጣምሮ የሚፈጥረው፣ ፍሬዛል ቨርብ የሚባለው ሐረግ ነው። ከእነዚህ መካከል «ፒክ አፕ»ን የመረጥሁት ፍቺው ብዙ ስለሆነና ስለ እርሱ የሚሰሙት ስህተቶች ለሌሎቹም ስለሚሠሩ ነው።

የተሳሳተ አመለካከት፦ የሁለቱን ቃላት ትርጉም ያወቀ የሐረጉንም ያውቃል።

እውነታው፦ «ፒክ» ለብቻው መልቀም፣ መቅጠፍ ወይም መምረጥ፣ «አፕ» ደግሞ ወደ ላይ ማለት ስለሆነ፣ ከወለል እስክሪብቶ ለሚያነሳ ሰው ሐረጉ በእርግጥ የሁለቱ ድምር ነው። «ሺ ፒክድ አፕ ኤ ኮልድ» ሲባል ግን ልጅቱ ያነሳችው ዕቃ የለም፤ ጉንፋን ይዟታል። በአማርኛ ያዡ ጉንፋኑ ሲሆን በእንግሊዝኛው የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ልጅቱ መሆኗንም ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ብዙ ተማሪ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ፍቺዎቹ ስለማይገናኙ ዝርዝሩን በቃል ከመሸምደድ በቀር መላ የለም።

እውነታው፦ ከሁሉም አብልጦ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ትጉህ ተማሪዎችን ያለ ጥቅም ያደክማልና። መንዝ ውስጥ ገብስ ታጭዶ ከተሰበሰበ በኋላ በማሳው የቀረውን ዛላ የሚለቅም ሰው ቃረመ ይባላል፤ ከዚያው ተነስተንም «ዕውቀት ቃረመ» እንላለን። በመንገድ ወይም በአጋጣሚ የተገኘውን ወደ ራስ የማምጣት ሐሳብ አብዛኞቹን የ«ፒክ አፕ» ፍቺዎች ያያይዛቸዋል። «ሂ ፒክድ አፕ አፋን ኦሮሞ ኢን ዘ ማርኬት» ማለት ሰውየው ክፍል ገብቶ ሳይማር፣ ገበያ ውስጥ ከሻጭና ከገዢ ጋር ሲነጋገር ቋንቋውን ለመደ ማለት ነው፤ በቦታው «ለርንድ» ቢገባ ይህ የቃርሚያ መልክ ይጠፋል። «አይ ዊል ፒክ ዩ አፕ» የሚል ባለመኪናም «መጥቼ እወስድሃለሁ» ማለቱ ነው፤ ሬዲዮ አንድን ጣቢያ ሲስብም እንግሊዝኛው ይህንኑ ሐረግ ይጠቀማል።

የተሳሳተ አመለካከት፦ «ፒክ አፕ» ባለበት ሁሉ «አነሳ» ብሎ መተርጎም ይበቃል።

እውነታው፦ ስልክ በማንሳት ላይ ሁለቱ ቋንቋዎች ፍጹም ይገጥማሉ። ይሁን እንጂ ጥያቄ ስናነሳ እንግሊዝኛው «ሬይዝ»፣ ፎቶ ስናነሳ «ቴክ» ይላል፤ ክርስትና ማንሳትንም በ«ፒክ አፕ» መግለጽ ፈጽሞ አይቻልም። እነዚህን የ«አነሳ» ፍቺዎች አንዳችን እንኳ ሸምድደን አለማወቃችን፣ የሚነሳውን ነገር አይቶ ፍቺውን መለየት ለእኛ እንግዳ እንዳልሆነ ያሳያል።

ጥንቃቄ የሚጠይቀው ሐረጉ ተሳቢ ሳይኖረው ሲቀር ነው። የጣርማ በርን ነፋስ የሚያውቅ ተማሪ «ዘ ዊንድ ፒክድ አፕ» የሚለውን ሲያነብ «ነፋስ ተነሳ» ብሎ ይተረጉማል። ቅርብ ነው፤ ትክክል ግን አይደለም። ነፋስ ተነሳ ስንል ያልነበረው መጣ ማለታችን ሲሆን፣ እንግሊዝኛው የሚለው አስቀድሞ ሲነፍስ የነበረው በረታ ነው። «ቢዝነስ ፒክድ አፕ» ሲባልም እንዲሁ ተቀዛቅዞ የነበረ ገበያ ተነቃቃ ማለት እንጂ አዲስ ሥራ ተከፈተ ማለት አይደለም።

የተሳሳተ አመለካከት፦ «አፕ» የትም ቢቀመጥ ለውጥ የለውም።

እውነታው፦ ተሳቢው ስም ሲሆን «ፒክ አፕ ዘ ፔን» ወይም «ፒክ ዘ ፔን አፕ» ማለት ይቻላል። ተውላጠ ስም ሲሆን ግን መካከል መግባት አለበት፤ «ፒክ ኢት አፕ» እንጂ «ፒክ አፕ ኢት» አይባልም።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ሐረጉ የመንገድ ቋንቋ ስለሆነ በጽሑፍ አይገባም።

እውነታው፦ ስለ ንግድና ስለ አየር ጠባይ የሚጽፉ ጋዜጦች ያለ ስጋት ይጠቀሙበታል። ሁላችንም ፒካፕ የምንለው፣ ከኋላው ክፍት መጫኛ ያለው መኪና ስምም ከዚሁ ሐረግ የወጣ ነው። ስም ሲሆን ድምፅ የሚበረታው «ፒክ» ላይ፣ ግስ ሲሆን ደግሞ በአብዛኛው «አፕ» ላይ በመሆኑ፣ «ዘ ፒካፕ ዊል ፒክ አስ አፕ» የሚለውን ጮክ ብሎ ያነበበ ተማሪ ልዩነቱን በጆሮው ይሰማዋል።